አክስቴ ለሳይንስ ያበረከቱት ቅጠል

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባለው አገር፣ ሥራው በውጭ አገር ጆርናል ላይ የወጣለት የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ከእኔ ሌላ የለም። ይህን ስናገር ትንሽ እንኳ አላፍርም። ሰርግ ላይ ተናግሬዋለሁ፣ ለቅሶ ላይ ተናግሬዋለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ለአራት ተጨናንቀን ሳለ ተናግሬዋለሁ። አንድ ጊዜማ ጥርሴን ለሚነቅል ሐኪም አፌን እንደከፈትኩ ልነግረው ሞክሬ ሰውዬው በጣም ያመመኝ መስሎት ማደንዘዣ ጨመረልኝ።

ጆርናሉን ከፍቶ ስሜን የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘውም። እኔም አላገኘሁትም። ከላይ የጸሐፊዎቹ ስም ተደርድሯል፤ አምስት ናቸው። ከአምስቱ አራቱን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ እነሱም ሙዱላን ወይም ሀቢቾን በዓይናቸው አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ምስጋና የሚባል አንቀጽ አለ። እዚያ ዩኒቨርሲቲው ይመሰገናል፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይመሰገናሉ፣ ሾፌሩ በሙሉ ስሙ ከነአያቱ ይመሰገናል። ከሾፌሩ በኋላ «እንዲሁም አንድ የአካባቢው ተርጓሚ» ይላል። ያ እኔ ነኝ።

ዶክተሩ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዶክተር ስል መርፌ የሚወጋውን አይደለም፤ ቅጠል የሚቆጥረውን ነው። የባህል መድኃኒት ዕፀዋት አጥኚ። ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያንሳል፤ የለበሰው ሰደርያ የኪሱ ብዛት የሆሳዕና ገበያ መደቦችን ያስንቃል። በአንዱ ኪስ አጉሊ መነጽር፣ በአንዱ ጂፒኤስ፣ በአንዱ እርሳስ፣ በአንዱ ደግሞ ለእርሳሱ መቅረጫ። ከመኪናው ኋላ የአሮጌ ጋዜጣ ክምር ተጭኗል። ቅጠሉን በጋዜጣው መሃል ያስገባና በሁለት ጣውላ አጣብቆ በቀበቶ ያስረዋል። በዚህ ዘመን ጋዜጣ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ሲገለጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከመምጣቱ በፊት የታተሙ ሥራዎቹን በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። አነበብኳቸው። የመጀመሪያው «በእገሌ ወረዳ ሕዝቡ የሚጠቀምባቸው የባህል መድኃኒት ዕፀዋት ጥናት» ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው ይላል፤ የወረዳው ስም ብቻ ተለውጧል። ሦስተኛውም። እናቶቻችን አንዱን ኮት ለታላቅ አልብሰው፣ አሳጥረው ለታናሽ፣ ደግሞ አሳጥረው ለታናሽ ታናሽ ያለብሱ ነበር፤ የዶክተሩ ጥናት ግን ማሳጠር እንኳ አላስፈለገውም። ሁሉም ሲያበቁ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለው ያበቃሉ። ተጨማሪውን ጥናት የሚያጠናውም ያው እሱ ነው፣ በሚቀጥለው ወረዳ።

ይህን ሁሉ አይቼ ለምን አብሬው ሄድኩ? የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ነው ያገናኘን፤ በአባቴ ሐዲይኛ፣ በእናቴ ከምባትኛ ስለምናገር። ዶክተሩ እጄን ጨብጦ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ ሥራው የጋራችን ነው። ስምዎ ከጸሐፊዎቹ መሃል ሦስተኛ ሆኖ ይገባል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ይረዳኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሌሎች የጻፉትን መጽሐፍ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። የእኔ ስም ተተይቦ የተለጠፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የዕድር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ለቅሶ ካልደረሱት ጋር። ሦስተኛ ሲለኝ ወዲያው እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድነው ሙዱላ ነው፣ በገበያ ቀን። ሥር የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ከገበያው ዳር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ቅጹን አወጣ። ዕድሜ? የትምህርት ደረጃ? የጋብቻ ሁኔታ? ሽማግሌው በጋብቻው ላይ ቆጣ አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ሊያማጨኝ ነው ወይስ ሊታከም ነው?» አሉኝ።

«ሊማር ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ለሆድ ቁርጠት ምን ይሰጣሉ?» አለ ዶክተሩ። ተረጎምኩ።

ሽማግሌው የዶክተሩን ጫማ አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሥተው ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ችፍርግ ቆርጠው መጡ። ችፍርግ ማለት ያ በየደጁ የሚበቅለው፣ አስረን ግቢ የምንጠርግበት ነው።

«ይሄን» አሉ።

«ለራስ ምታትስ?»

«ይሄንኑ።»

«ለእባብ ንክሻስ?»

«ለእሱማ ይሄ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ!»

ዶክተሩ በደስታ እርሳሱ እስኪሰበር ጻፈ። እኔ አንገቴን ወደ ገበያው አዙሬ ከንፈሬን ነከስኩ። በእኛ አገር እውነተኛ ባለመድኃኒት መድኃኒቱን ለጠያቂ አያሳይም። ሰው ሳይነሣ፣ በመንገድ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ ሳይሰጥ ሄዶ ይቆርጠዋል፤ ሊሞት ሲል ከቤተሰቡ ለአንድ ሰው ብቻ ይነግረዋል። ስሙ ከወጣ መድኃኒቱ ይሞታል ይላሉ። ታዲያ እንግዳን ባዶ እጁን መመለስም ነውር ነው። ስለዚህ ለጠያቂ የሚሆን ቅጠል አለ፤ የማይጎዳ፣ የማይጠቅም፣ ደጅ ላይ የሚገኝ። ጨዋነትም ምስጢርም በአንድ እፍኝ ችፍርግ ይጠበቃሉ።

ሀደሮም ችፍርግ ሰጡን። ከሀደሮ ወደ ገጠር ገባ ብለን አንዲት ሴት ጠየቅን፤ ችፍርግ፣ ያውም ከነመጥረጊያው፣ ከበሩ ጀርባ አንሥታ። ዶክተሩ ማታ ማታ ይደምራል። ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ ብዙ ባለመድኃኒቶች ሳይመካከሩ በአንድ ቅጠል ከተስማሙ ቅጠሉ ትልቅ ነጥብ ያገኛል። የችፍርግ ነጥብ ጣሪያውን ቀዶ ወጥቷል።

«መምህር፣ እንዲህ ያለ ስምምነት በሕይወቴ አላየሁም!» አለኝ መኪና ውስጥ።

«የእኛ ሰው ይስማማል» አልኩት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ ያ ሁሉ ጋዜጣ ባልባከነ ነበር። ግን ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ! በዚያ ሰደርያ ላይ ሦስት ወረዳ ሙሉ ሲስቅ እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ከሁለቱም ወገን የማውቅ ሰው ነበርኩ። ደግሞም ሦስተኛ ነኝ። በችፍርግም ይሁን በወርቅ፣ ስሜ ይገባል።

ያበላሸው ባለሱቁ ነው። ሆሳዕና ላይ ውኃ ልንገዛ ገባን። ባለሱቁ አባቱ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ በሽታ ከነታሪኩ የሚያውቅ ሰው ነው። ዶክተሩ ምን እንደሚሠራ ሲሰማ መደርደሪያውን ትቶ መጣ።

«ለወፍ በሽታማ ሀቢቾ ነው የሚኬደው! እኔ ራሴ ዓይኔ እንደዚህ የዘይት ጀሪካን ቢጫ ሆኖ ሄጄ ድኛለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሴትዮዋማ ያንተው አክስት አይደሉ እንዴ፣ ቲቸር?»

እግሩን ብረግጠው ደስ ባለኝ፤ በመካከላችን ባንኮኒ ነበር። ዶክተሩ ውኃውን አስቀመጠ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አክስቴ ምስጢር አያወጡም።»

«ለእርስዎም?» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ ይህን ቅጠል ካገኘን ስምዎ ሁለተኛ ይገባል። ከእኔ ቀጥሎ።»

የሟች አባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሀቢቾ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ ወደዚያ ግቢ ይመጣል። እኔ እንደ ባዮሎጂ መምህር የማውቀው የጉበት ሕመም መሆኑንና ብዙው ሰው ዕረፍት ካደረገ በራሱ ጊዜ እንደሚሻለው ነው። ጤና ጣቢያ ያለው ነርስም ይህንኑ በየዓመቱ ይናገራል፤ በሽተኛው ሲሻለው ግን ቅቤ ይዞ የሚሄደው ወደ አክስቴ ነው። ክፍል ውስጥ ስንቴ ቀልጄባቸዋለሁ። አክስቴ ራሳቸው ራሳቸውን ሲያማቸው በእኔ በኩል ፓራሲታሞል ነው የሚያስገዙት። ይህን ለተማሪዎቼ እንጂ ለእሳቸው ተናግሬ አላውቅም።

እሳቸው መድኃኒቱን የወረሱት ከባላቸው አባት ነው፤ ሰውዬው ሊሞቱ ሲሉ በጆሯቸው የነገሯቸው። አሁን ደግሞ እሳቸው አርጅተዋል። ለማን ሰጥተው ይሞቱ ይሆን የሚለው ወሬ ከሀቢቾ አልፎ ሆሳዕና ይወራ ነበር። እንግዲህ የማላምንበትን መድኃኒት ልወርስ፣ ወርሼም ልሰጥ፣ ስኳርና ሳሙና ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ።

አተካና ተሠርቶ ቀረበልኝ፤ ቡላው በቅቤና በወተት ርሶ፣ ጣቴን እንኳ እስክልስ። በልቼ ስጨርስ ጀመርኩ። በሐዲይኛ ነው ያወራነው።

«አክስቴ፣ ዕድሜ ገፍቷል። ያ ነገር ከእርስዎ ጋር አፈር እንዳይገባ።»

«የእኔን አፈር አስበህ መጣህ?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም! ሥጋዎ ነኝ። የተማርኩ ነኝ። እኔ ብይዘው አይጠፋም።»

ምራታቸው ከጓዳ ወጥታ ሳህኑን አንሥታ ተመለሰች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከሰላምታ ሌላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ወረቀት የሚጽፍ ሰው ከአንተ ጋር አገሩን ሲዞር ታይቷል ይባላል» አሉ አክስቴ።

ሀቢቾ ሳሎን ተቀምጠው ሙዱላ ገበያ የሆነውን የሚያውቁት እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የእኛ አገር ወሬ የኔትወርክ ማማ አያስፈልገውም።

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አልኩ።

«ለወረቀት ሰጥተኸው ቢሞት፣ በዚህ በር የሚገባውን በሽተኛ ምን ብዬ ልመልሰው ነው? ለሰዎቹ ሌላ ነገር የለኝም። ይሄ ብቻ ነው ያለኝ።»

«አልሰጥም» አልኩ።

«ተነሣና ምሰሶውን ያዝ።»

ተነሥቼ የቤቱን መካከለኛ ምሰሶ ያዝኩ። የስንት ዓመት ጭስ የጠጣ፣ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ እንጨት ነው። ለማንም እንዳልናገር፣ ብናገር ይህ ቤት አይቀበለኝ ብዬ ማልኩ። አክስቴ በትራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ተከተልኳቸው፤ ዞር በል አሉኝ፤ ዞርኩ። ሲመለሱ ከነጠላቸው ሥር አንድ ጭብጥ ቅጠል አወጡ። እንደ ላባ የተበጣጠሰ፣ ለስላሳ፣ ለምለም ቅጠል። አሸተትኩት፤ ደስ የሚል፣ የማውቀው የሚመስል ግን ያልያዝኩት ሽታ አለው። አሰጣጡን፣ አደቃቀቁን፣ ከምን ጋር እንደሚጠጣ ሁሉ በጆሮዬ ነገሩኝ። መረቁኝ።

በዚያው ሳምንት ቅጠሉ ፎቶ ሆኖ ዶክተሩ እጅ ገብቶ ነበር።

ፎቶ አይበቃም ብሎ ዶክተሩ ራሱ ሀቢቾ ሄዶ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጋዜጣና ጣውላውን ይዞ፣ ሌላ ተርጓሚ ይዞ፣ እኔን ሳይጠራ። አክስቴ አላባረሩትም። አንድ ሸክም ቅጠል ሰጥተው እስከ መኪናው ሸኙት አሉ።

ከዓመት በላይ አለፈ። ዶክተሩ በበዓል «መልካም በዓል» የሚል የአበባ ሥዕል ይልክልኛል፤ እኔ «ሥራችንስ?» እላለሁ፤ እሱ «በሂደት ላይ ነው» ይላል። አንድ ቀን የዕረፍት ሰዓት ላይ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ታትሟል! ማንም እንዳያመልጥ ቆሜ አወጅኩ። የስፖርቱ መምህር፣ የሒሳቡ መምህር፣ አዲሷ የኬሚስትሪ መምህርት ሁሉም ተሰበሰቡ። ስልኬ ትንሽ ስለሆነ መምህርቷ በላፕቶፕዋ ከፈተችው።

ስሜን ፈለግን። አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ። ሾፌሩን አገኘነው። ቀጥሎ እኔን አገኘነው፣ «አንድ» ሆኜ።

«አይዞን ጋሼ፣ ምስጋናም ክብር ነው» አለ የስፖርቱ መምህር፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ታፍኗል።

«ዋናው ግኝቱ ነው» አልኩ። ጣቴን ወደ ላፕቶፑ ቀሰርኩ። «ግኝቱን ተመልከቱ!»

ግኝቱ በሠንጠረዥ አለ። ከላይ ችፍርግ ነግሦ ተቀምጧል፤ ከራስ ምታት እስከ እባብ የማያድነው የለም። ዝቅ ብሎ ለብቻው አንቀጽ የተሰጠው ለወፍ በሽታ የሚሆነው ዕፅ ነው፤ በአካባቢው ለዚህ በሽታ ሲመዘገብ የመጀመሪያው እንደሆነ ተጽፏል። መምህርቷ የላቲኑን ስም ጮክ ብላ አነበበች።

«ዳውከስ ካሮታ።» ዓይኗን ከላፕቶፑ አነሣች። «ጋሼ፣ ይሄ ካሮት አይደል እንዴ?»

«የዱር ዝርያ ይሆናል» አልኩ፣ እንደ ባዮሎጂ መምህር።

ፎቶውን አጎላችው። የእኔ ፎቶ ነው፤ የእኔ አውራ ጣት ጫፉ ላይ ይታያል። ከቅጠሉ ግንድ በታች፣ የተቆረጠበት ቦታ ላይ፣ ቀለበት የሚያህል ብርቱካንማ ነገር አለ።

የዚያን ቀን ሳቅ በሆሳዕና ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። የስፖርቱ መምህር ወንበር ይዞ ወደቀ። ሃያ ምናምን ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ካሮትን የማውቀው ግን ተከትፎ ሰላጣ ላይ ነው። ስለ ዶክተሩ ምን ልበል? የላቲኑን ስም የለዩለት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያሉ የዕፀዋት ባለሙያዎች ናቸው፤ እሱ ስሙን ገልብጦ ለጥፏል። አምስት ጸሐፊ ካሮት አሳትሞ አንዱም ካሮት መሆኑን አላየ። ገምጋሚ የሚባሉትም አሳለፉት። በዚህ ሥራ ማዕረግ እንዳገኘ ሰምቻለሁ፤ አሁን ሌላ ወረዳ ላይ ነው፣ ተጨማሪ ጥናት ስለሚያስፈልግ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሀቢቾ ሄድኩ። ተቆጥቼ ነው የሄድኩት፤ የተታለለ ሰው ቁጣ። አክስቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ምራታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ የሆነ ነገር በትንሽ ሙቀጫ ትወቅጣለች፤ ስታየኝ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

«ካሮት?» አልኩ ገና ሳልቀመጥ። «አክስቴ፣ ካሮት?»

«ለባዕድ መጥረጊያ ይሰጣል» አሉ ረጋ ብለው። «አንተ ሥጋዬ ነህ። የሚበላ ሰጠሁህ።»

ያቺ ዝምተኛ ምራት ሳቋን መያዝ አቅቷት አፏን ሸፈነች።

«ሊያሞኙኝ ነበር እንጂ ከመጀመሪያውም ሊሰጡኝ አልነበረም!»

«ልሰጥህ ነበር» አሉ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ዝም ብትል በመስቀል ጠርቼህ እውነተኛውን ልነግርህ ነበር። ወንድሜ ባንተ ይነሣልኛል ብዬ ነበር። ሰውዬው ጋዜጣውን ይዞ መጥቶ ያንኑ ላንተ የሰጠሁትን ቅጠል ይስጡኝ ሲል ገባኝ። አሁን ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ አብቅቷል።»

ሙቀጫውን አየሁ። ምን እንዳለበት አላወቅኩም፤ ከዚያ በኋላም አልጠየቅኩም። ኅሊና ያለኝ ሰው ለመምሰል እንዲህ አልኳቸው፦

«ወዲያው አልሰጠሁትም፣ አክስቴ። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ታግያለሁ።»

አክስቴ ፊታቸው በራ። «ሦስት ቀን? ሦስት ቀን ከያዝከውማ ደህና ነህ። እኔ አንድ ቀን ነበር የገመትኩህ።» ምራታቸውን ዞረው አዩ። «ሰማሽ? ሦስት ቀን ይዞታል።» ከዚያ ምሳ እንድበላ አስቀመጡኝ፤ በላሁ።

ሦስት ቀን አልያዝኩትም። ፎቶውን ያነሣሁት እሳቸው በትራቸውን ካስደገፉበት ግድግዳ ሊያነሡ ፊታቸውን ሲያዞሩ ነው፤ የላክሁት ደግሞ የግቢያቸውን በር ሳላልፍ፣ የምሰሶው ጥላሸት ገና እጄ ላይ እያለ።